ኮከቡን ማን ሰጣችሁ? መቼ?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የትምህርት ቤት ዕረፍት እየደረሰ ነው። ለንደን ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለአምስት ሰው የአዲስ አበባ ትኬት በየዓመቱ አይቆረጥም። ስለዚህ ብዙዎቻችን እዚሁ እንግሊዝ፣ በባሕር ዳርቻ ባለ የዕረፍት ፓርክ ውስጥ የቆመ ካራቫን፣ ማለትም ተጎታች ቤት፣ እንከራያለን። ኮሚቴው ስለዚህ ጉዳይ እንድናገር የጠየቀኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ስለተሸወድኩ ነው።

ያምና ኦገስት ነው። የፓርኩን ስም አልጠራም። ድረ ገጹ ላይ አራት ኮከብ ተደርድሯል። ከሥሩ «ፕላቲነም ካራቫን» ይላል። ከፈልን። ሻንጣውን፣ ጀበናውን፣ አንድ ድስት ዶሮ ወጡን ጭነን ሄድን።

በሩን ስንከፍት የተቀበለን የእርጥበት ሽታ ነው። የፍራሹን ጫፍ ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ። የሻወሩ ውሃ ሞቅ ብሎ ይጀምርና ልክ ሻምፑውን ስትቀባ በረዶ ይሆናል። ባለቤቴ ቡና ልትቆላ ስትል ደግሞ የጭስ ማንቂያው ጮኾ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ይህኛው እንኳ የኛ ጥፋት ነው፤ በፓርኩ አላሳብብም።

በማግስቱ ሪሴፕሽን ወረፋ ይዤ ስቆም ዓይኔ በሩ አጠገብ የተሰቀለች ሰሌዳ ላይ አረፈ። አራቱ ኮከቦች አሉ። ዓመቱ የሚለጠፍበት ቦታ ላይ ግን ስቲከሩ ተልጧል። የቀረው አቧራ የያዘ ሙጫ ብቻ ነው። ልጅቷን «ይሄ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አልኳት። «ሁሌም እዚያ ነው ያለው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቤት ስመለስ ኮከቡን ለሚሰጠው አካል ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነበር። ፓርኩ ከምዘናው ከወጣ ዓመታት አልፈዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ፓርኮች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ከሚሰጡት አካላት አንዱ ቪዚት ኢንግላንድ የሚባለው የቱሪዝም ድርጅት ነው። ገምጋሚ ይልካል። ንጽሕናውን፣ መገልገያውን፣ አቀባበሉን ያያል። መመዘን ግን ግዴታ አይደለም። ባለቤቱ ወዶና ከፍሎ የሚገባበት ነገር ነው። ስለዚህ ኮከብ የሌለው ፓርክ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሳይመዘን የቆየ ፓርክ የድሮ ኮከቡን ሲያሳየን ነው ችግሩ። አገር ቤት መኪና የነዳችሁ ቦሎን ታስታውሳላችሁ። የአምና ቦሎ ለጥፎ የሚነዳ ሰው ትራፊክ ሲያስቆመው «መኪናው እኮ ያው ነው» ቢል ማን ይሰማዋል?

«ፕላቲነም» የምትለዋን ደግሞ እንያት። ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚሉትን ደረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ራሱ ፓርኩ ነው። ካራቫኑ ስንት ዓመቱ ነው፣ ማሞቂያ አለው ወይ፣ መስኮቱ ድርብ ነው ወይ፣ በሚለው ይደለድላቸዋል። የአንዱ ፓርክ ጎልድ የሌላው ብሮንዝ ሊሆን ይችላል። ከውጭ መጥቶ የመዘነው ሰው የለም። ለዓመታት ደግሞ በዕፅዋት ተመራማሪው በዴቪድ ቤላሚ ስም ለፓርኮች የሚሰጥ የወርቅ ሽልማት ነበር። እሱ ስለ ዛፉ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ንቡ ነው። ጥሩ ሽልማት ነው፤ ስለ ፍራሹ ግን ምንም አይነግራችሁም።

በነገራችን ላይ ይህ የፈረንጅ በሽታ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ስንቱ ሆቴል ለራሱ ኮከብ ሲያድል ኖሯል። በ2015 መንግሥት ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሲመዝን የስንቱ ኮከብ ረገፈ! የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትሳሳቱ።

«እኔ ኮከብ አላይም፣ የሰው አስተያየት ነው የማነበው» የምትሉ አላችሁ። እሺ። ግን በ2012 የእንግሊዝ የማስታወቂያ ደረጃዎች ባለሥልጣን፣ ኤ.ኤስ.ኤ. የሚባለው፣ የተጓዦችን አስተያየት የምታወጣውን ድረ ገጽ ትሪፕአድቫይዘርን «አስተያየቶቹ ሁሉ የእውነተኛ ተጓዦች ናቸው» እንዳትል ብሏታል። ምክንያቱም ማረጋገጥ አትችልም።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ፈቃድ ሳይኖር የጥራት ምልክት ማሳየት ከ2008 ጀምሮ በግልጽ ተከልክሏል። በ2024 የወጣው አዲሱ የሸማቾች ሕግም ክልከላውን እንደያዘ ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ እየሠራ ነው። የውድድርና ገበያ ባለሥልጣኑ አሁን ፍርድ ቤት ሳይሄድ ራሱ መቅጣት ይችላል። ቅጣቱ ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ከሚያስገባው ገቢ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። የሐሰት አስተያየት ማስጻፍም ክልክል ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ኮከቡን ማን ሰጣችሁ? መቼ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ገጹን ስክሪንሾት አንሱ፤ ቅሬታ ስታቀርቡ ኮከቡ በሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ከተቻለ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ፣ እስከ 30,000 ድረስ፣ በ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ካርዱን የሰጣችሁ ድርጅትም አብሮ ይጠየቃል። እኔ ግማሹን ያስመለስኩት በዚህ መንገድ ነው። ሦስት ወር ፈጅቷል፣ አልዋሻችሁም። ለማስታወቂያው ለኤ.ኤስ.ኤ. ማመልከት በነፃ ነው። ገንዘብ አያስመልስም፣ ማስታወቂያውን ግን ያስወርዳል። ለሌላው ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባል ምክር ሰጪ ድርጅት አለ፤ 0808 223 1133። ጉዳዩን የነጋዴዎችን አሠራር ለሚቆጣጠረው ለትሬዲንግ ስታንዳርድስ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ቅር ይለኛል። ከእኔ በፊት እዚያው ፓርክ የሄዱ ሁለት ቤተሰቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ሻጋታውን አይተዋል። ለምን አልነገራችሁኝም ስላቸው «ምን ይሉናል ብለን፣ ሆድ ይፍጀው ብለን» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። እኔም ያን ቀን ሪሴፕሽን ላይ ፈገግ ብዬ «ታንክ ዩ» ብዬ ነው የወጣሁት።

ለዚህ ዓመት ያስያዛችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደዚያ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ኑ። አብረን እናየዋለን። ቡናውም ደርሷል፤ ውጭ ነው የተቆላው።