ማቱን በጊዜ እንምታ፦ በማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማርሻል አርት ልምምድና አነስተኛ ንግድ ያገናኘን የማህበራችን አባላት፣ አሠልጣኝ ማስተሮች፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ አራት ኪሎ አዳራሹን በነጻ ለፈቀዱልን፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ ለነበሩት ልጆችና ሻይ ላፈሉልን እናቶች እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርበዋል። እኔ ባጭሩ ልበል። አምስት አዲስ አባላት ገብተዋል። የሂሳብ አያያዝ ስልጠና ሁለት ጊዜ ሰጥተናል። ለገና ባዛር አንድ ድንኳን ለስምንት ተከራይተን ሸጠናል። የመስቀል አደባባይ የማለዳ ልምምድም ክረምቱን ጨምሮ አልተቋረጠም።

አንዷን እህታችንን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ቡና ቤቷ አብሮ ፈርሷል። ጁዶ ውስጥ «ሲገፉህ ሳብ፣ ሲስቡህ ግፋ» ይባላል። የሚመጣብህን ጉልበት ፊት ለፊት አትጋፈጠው፣ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ይዘኸው ሂድ ማለት ነው። እሷ በቀሯት ጥቂት ቀናት እቃ ከማሸጓ በፊት የደንበኞቿን ስልክ በደብተር መዘገበች። ደንበኞቿም እንደሷ ወደየአቅጣጫው ተበትነዋል። ቢሮ ያላቸውን ለይታ ቡናውን በፔርሙዝ ማድረስ ጀመረች። ዛሬ ሁለት ሠራተኛ አላት። ያን ቀን በአካባቢው ስንቶቻችን ቆመን አለቀስን፤ እሷ ደብተር ይዛ ነበር። እኮራብሻለሁ እህቴ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ። የብድር ሳጥናችን።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። በየወሩ 500 ብር እናዋጣለን። ተራው የደረሰ ሁለት ዋስ ጠርቶ ይበደራል። እንደ እቁብ በመተማመን የቆመ ነው። ዘንድሮ ሦስት አባላት ወስደው መክፈል አቆሙ። መጀመሪያ አንድ ወር ዘለሉ። ቀጥሎ ከልምምድ ቀሩ። በመጨረሻ ስልክ ማንሳት ተዉ። ስድስት ዋሶች ከልጆቻቸው ጉሮሮ እየነጠቁ ይከፍላሉ። ያም ሆኖ ሳጥኑ አልሞላም፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች እስካሁን እጃቸው ባዶ ነው።

በጥቅምቱ ስብሰባ የሆነውን አልረሳሁም። ግማሻችን ይከሰሱ አልን፣ ግማሻችን ሽማግሌ ይላክ አልን። ማት ላይ፣ በልምምድ ምንጣፉ ላይ፣ እጅ ሳይነሳሱ የማይጋጠሙ ሰዎች ተሰዳደብን። አንዳንዶቻችሁ እስከ ዛሬ አትነጋገሩም። ይሄ አንጀቴን ይበላኛል።

ሦስቱ ሌቦች አይደሉም። ከነጭ ቀበቶ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ሥራቸው ወደቀ፣ አፈሩ፣ ተደበቁ። ይኸው ነው።

ጂጎሮ ካኖ ጁዶን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የጁዶ ጀማሪ ሰው መጣል ከመማሩ በፊት አወዳደቅ ይማራል። ጎንህን፣ ክንድህን፣ አገጭህን እንዴት እንደምትጠብቅ። ታንቀህ መውጫ ስታጣ ደግሞ ማቱን በእጅህ ትመታለህ። ያነቀህ ሰው ወዲያው ይለቅሃል። ማንም አይስቅብህም። ውሃ ትጠጣለህ፣ ተመልሰህ ትገባለህ። ለመምታት ያፈረ ሰው ግን ራሱን ይስታል። ይህን የማያውቅ እዚህ ቤት ውስጥ የለም። ከማቱ ወጥተን ሱቃችን ስንገባ ግን እንረሳዋለን። ኪራይ ሲያንቀን አንመታም። እቃ አልሸጥ ሲል አንመታም። «ሥራ እንዴት ነው?» ስንባል «ተመስገን፣ ይመጣል» እንላለን።

ቴኳንዶ የምንሠራው አምስቱን መርሆዎች በየልምምዱ መጀመሪያ ጮኸን እንላቸዋለን። ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። እኔ እንደሚመስለኝ ጽናትን አበላሽተን ተረድተነዋል። ዝም ብሎ መቻል አድርገነዋል። ሐቀኝነት እኮ ከጽናት በፊት ነው የተቀመጠው። «ዘንድሮ አልቻልኩም» ማለትም ሐቀኝነት ነው።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። የልምምድ ልብስ እንደምሰፋ ታውቃላችሁ። በ2016 ክረምት ለ80 ዩኒፎርም ቀብድ ተቀብዬ ነበር፣ በድሮው ዋጋ። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ጨርቁ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዋጋው አብሮ ወጣ። እያንዳንዱን ልብስ በኪሳራ ሰፋሁ። ለአራት ወር ለማንም አልተናገርኩም። መሪ ተብዬ እንዴት ወደቅሁ ልበል? በመጨረሻ አንድ ታላቅ ወንድማችን ከልምምድ በኋላ ይዞኝ ቆመና «ደብተርህን አምጣ» አለኝ። አብረን አየነው። ለደንበኞቼ እውነቱን ነግሬ በቀሪዎቹ ልብሶች ላይ የዋጋ ጭማሪ እንድጠይቅ መከረኝ። አብዛኞቹ ተስማሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ኪሳራ ይቀርልኝ ነበር። ገንዘቡ አይደለም አሁንም የሚያመኝ፣ እነዚያ አራት ወራት ናቸው።

ስለዚህ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ወር መክፈል ያቃተው ተበዳሪ በ15 ቀን ውስጥ ለኮሚቴው ከተናገረ ያለ ቅጣት ሦስት ወር ይራዘምለት። በእነዚያ ወራት ዋሶቹ አይነኩ፣ ጫናውን ሁላችንም እንሸከም። ዝም ካለ ግን አሁን ያለው ደንብ ይሠራበት። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድም ከልምምድ በኋላ ለአንድ ሰዓት እንቀመጥ። የፈለገ ደብተሩን ይክፈት። እኔ በመጀመሪያው እሁድ እከፍታለሁ።

ይህን የሚወስነው ግን ማነው? 58 አባላት አለን። እዚህ የተቀመጥነው 21 ነን። ለቢሾፍቱ ሽርሽር አውቶቡሱ ሞልቶ ቆመው የሄዱ ነበሩ። ለጉባኤ ሲሆን ሁሉም ለቅሶ አለበት፣ ሁሉም ሰርግ አለበት። የቀራችሁ ወገኖቼ፣ ተራችሁ ደርሶ ብድር ስትጠይቁ እዚህ ያሉት 21 ሰዎች ናቸው የሚፈርሙላችሁ።

አንተ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም። ቀረጻው እንደሚደርስህ አውቃለሁ። ጥቁር ቀበቶህን ወገብህ ላይ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን እናትህ እልል ብለዋል። አንዱ ማሽን ተበላሽቶብህ ሌላውን እንደሸጥክ ከጎረቤትህ ነው የሰማሁት። ከአንተ መስማት ነበረብኝ። ዋሶችህ ተቆጥተዋል፣ አልዋሽህም። ግን ሁለቱም በየጊዜው «እንዴት ሆነ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እንደጠላት እየፈራሃቸው ነው፣ እነሱ ግን እየፈለጉህ ነው።

ሐሳቡ የመጀመሪያው አጀንዳችን ነው። ከዚያ በፊት የ20 ደቂቃ የሻይ እረፍት እንውጣ። ስድስታችሁ ዋሶች ወደዚህ ኑልኝ። በእኔ ስልክ ለሦስቱም እንደውላለን። ስለ ብር ማንም እንዳያነሳ። ልምምድ ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንደሆነ ብቻ እንንገራቸው።