የፈረስ ስም ያላቸው መኪኖች፦ የሞንስተር ትራክ ውድድር ትናንትና ነገ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንኳን ወደ ቻናላችን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ በአንድ ጎማ እንጀምራለን። አንድ ጎማ ብቻ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር ነው። አጠገቡ ብትቆሙ አብዛኞቻችሁ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ። አሁን አራት አድርጉት። በአራቱ ላይ መኪና ጫኑበት፤ ጎማውም አካሉም ተደምሮ 54 ኩንታል ገደማ ይሁን። ያ 54 ኩንታል ከአፈር ጉብታ ላይ ሲወነጨፍ፣ በአየር ላይ ወደ ኋላ ሲገለበጥ፣ ከዚያም በአራት ጎማው ተመልሶ ሲያርፍ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት።

ሞንስተር ትራክ ማለት ይህ ነው። ጭራቅ መኪና ብንለው ያስኬዳል። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ነገር ልለው ነው የመጣሁት። ትንሽ ታገሡኝ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

[ምስል፦ ሰማያዊ ፎርድ ፒክአፕ]

ታሪኩ የሚነሣው ከአሜሪካ፣ ከሚዙሪ ግዛት፣ ከሴንት ሉዊስ ከተማ ዳርቻ ነው። ቦብ ቻንድለር የሚባል ሰው በዚያ የፒክአፕና የጂፕ መለዋወጫ የሚሸጥበት፣ የሚጠግንበትም ሱቅ ነበረው። የ1974 ሞዴል ፎርድ ኤፍ 250 ፒክአፕም ነበረችው። ቻንድለር ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ አይምርም፤ በየጊዜው አንድ ነገር ይሰብራል። የሥራ ባልደረባው ይህ ሁሉ የሚሰበረው በዚያ ትልቅ እግርህ ነው አለው። ቢግፉት! ትልቅ እግር! ስሙ ጸደቀ።

ከዚያ ጎማና አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ብረት፣ እየተሯሯጡ ሄዱ። ትልቅ ጎማ ሲያስገባ አክስሉ ይሰበራል። ጠንካራ አክስል ሲያስገባ ደግሞ መኪናዋ ከዚያ የሚበልጥ ጎማ ለመሸከም ትችላለች። ገባ፣ ተሰበረ፤ ገባ፣ ተሰበረ። በመጨረሻ አክስሉን ከወታደር ከባድ መኪና፣ ጎማውን ማዳበሪያ ከሚበትን የእርሻ ማሽን አመጣው። በ1981 ሁለት ያረጁ መኪኖች ማሳ ውስጥ አቁሞ በላያቸው ወጣባቸው፤ በቪዲዮም አስቀረጸው። አንድ ዝግጅት አዘጋጅ ቪዲዮውን አየና በሕዝብ ፊት ድገመው አለው። በ1982 በሚሺጋን፣ በፖንቲያክ ሲልቨርዶም ስታዲየም ሕዝቡ በቢግፉት ጎማ ሥር መኪና እንደ ቆርቆሮ ሲጨፈለቅ አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ኋላ የለም።

በእነዚያው ዓመታት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዴኒስ አንደርሰን የሚባል ወጣት በጭቃ ውስጥ የመንዳት ውድድር ይወዳደር ነበር። መኪናው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ፎርድ ፒክአፕ ነው፤ ያረጀ፣ የወላለቀ። አዲስ መኪና ያላቸው ሲያሾፉበት፣ በዚህች አሮጌ መቃብራችሁን እቆፍርላችኋለሁ አላቸው። ግሬቭ ዲገር! መቃብር ቆፋሪ! ይህም ስም ጸደቀ።

ሁለቱንም ስሞች ያዙልኝ። ትልቅ እግርና መቃብር ቆፋሪ።

አሁን እኔ የምወደው ክፍል መጣ።

አባ ታጠቅ ማን ነው? አፄ ቴዎድሮስ ትሉኛላችሁ። አባ ዳኘውስ? አፄ ምኒልክ። አባ ነፍሶ? ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ። አባ መላ? ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። ልብ አድርጉ፤ እኔ የጠራሁት የፈረስ ስም ነው፣ እናንተ የመለሳችሁልኝ የሰው ስም ነው። በእኛ ዘንድ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ ስም ይካፈላሉ። ጀግናው በስሙ ብቻ አይፎክርም፤ በፈረሱም ይፎክራል።

ጉግስን ደግሞ አስቡ። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያሳድዳል፤ ዘንግ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል። ጨዋታ ነው፤ ግን ከጦር ሜዳ የመጣ ጨዋታ ነው። ጦርነት ሲቀር ችሎታው የት ይሂድ? ሜዳ ላይ ይወጣል፣ በዓል ይሆናል። እንጅባራ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ኮርቻው፣ ግላሱ፣ የፈረሱ አንገት አጣጣል፣ አቧራው፣ እልልታው። የፈረሰኞቹ ማኅበር ራሱ የዓድዋ ፈረሶች የሚታሰቡበት ነው። ፈረሱ እኮ ይታሰባል! ሰውየው ብቻ ሳይሆን ፈረሱ!

ሞንስተር ትራክም ልክ እንዲህ ነው። የእርሻ ጎማ፣ የወታደር አክስል፣ የጭነት ፒክአፕ። ሁሉም የሥራ ዕቃዎች ነበሩ። ችሎታው ከሥራ ተነሥቶ ሜዳ ላይ ወጣ፤ መኪናው እንደ ፈረስ ተሸለመ፤ እንደ ፈረስ ስም ወጣለት። ስታዲየም የሚሞላው ሕፃን ሁሉ የነጂውን ስም ላያውቅ ይችላል፤ የመኪናውን ስም ግን ያውቃል። ጥቁርና አረንጓዴ ቀለም፣ ቀይ የፊት መብራት ሲያይ ግሬቭ ዲገር ብሎ ይጮኻል። ለዚህ ነው እኔ ጭራቅ መኪና የማልለው። የፈረስ ስም ያለው መኪና ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የዛሬው ቪዲዮ የተሠራውም ለዚህ ልዩነት ነው። የአባ ዳኘውን ስም ማንም ገዝቶ ሊወስደው አይችልም። የመኪና ስም ግን ይሸጣል።

ወደዚያ እመለሳለሁ። በመሐል ቴክኒኩን በፍጥነት ልለፈው፤ ስለ ሞተር የሠራናቸውን ቪዲዮዎች ያየ ሰው መሠረቱን ያውቀዋልና። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር፣ 8.8 ሊትር ገደማ፣ አየር በግፊት የሚገባለት፣ ሜታኖል የሚያቃጥል፣ ወደ 1,500 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ነው። ይኸው እንደገና ፈረስ! አራቱም ጎማዎች ይነዳሉ፣ የፊቱም የኋላውም ይጠመዘዛል። ላዩ ፋይበር ግላስ ነው፤ ሥሩ ያለው ሻንሲ እርስ በርሱ ከተበየደ የብረት ቧንቧ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ባሌስትራ ነበረ፤ ባሌስትራ ግን ከዝላይ በኋላ መኪናውን መልሶ ያነጥረዋል፣ የነጂውንም አከርካሪ ይጎዳል። በ1989 ከቻንድለር ቢግፉቶች አንዱ፣ ቢግፉት 8፣ በኮምፒውተር በተነደፈ የቧንቧ ሻንሲና ናይትሮጅን በተሞላ ሾክ አብዞርበር መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም የእርሱን መንገድ ተከተሉ። መዝለል የተቻለው በዚህ ነው። በ1999 ቢግፉት 14፣ ዳን ራንቲ እየነዳው፣ ቴነሲ ውስጥ በስመርና አውሮፕላን ማረፊያ የቆመ ቦይንግ 727 አውሮፕላን ተሻገረ፤ 61 ሜትር ተኩል በአየር ላይ። በ2010 ደግሞ ካም ማክዊን በውድድር ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ አረፈ። ቴክኒኩ ይህ ነው፤ አለፍን።

አለፍን ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጻፋችሁት አስተያየት አለ፦ «ውስጡ ሰው የለም፤ በሪሞት ነው የሚነዳው።»

ሰው አለ ወዳጆቼ። መሐል ላይ በተተከለ ወንበር፣ በብረት ጎጆ ውስጥ፣ በማሰሪያ ተጠፍሮ፣ የራስ ቁር አድርጎ የተቀመጠ ሰው አለ። ከሩቅ የማይታየው መኪናው ከፍ ስላለና መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ነው።

ነገር ግን አስተያየቱን የጻፋችሁ ሰዎች ከባዶ አልተነሣችሁም። ሪሞት አለ! ሜዳው ዳር የቆመ አንድ ሰው በእጁ የሬዲዮ መሣሪያ ይይዛል። መሣሪያው መኪናውን አይነዳም፣ አይጠመዝዝም፣ አያቆምም። አንድ ሥራ ብቻ አለው፦ ሞተሩን ማጥፋት። ነጂው ራሱን ቢስት፣ የነዳጅ መስጫው ተጣብቆ ቢቀር፣ መኪናው ከመስመር ቢወጣ ያ ሰው ቁልፉን ይጫናል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቻንድለርና ሌሎች ባለመኪኖች ማኅበር አቋቁመው የደህንነት ደንብ ሲያወጡ ይህ መሣሪያ የደንቡ ዋና ምሰሶ ሆነ።

ይህ ደንብ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ወደ ሜክሲኮ እንሂድ። ኦክቶበር 2013፣ ቺዋዋ ከተማ። አንድ ሞንስተር ትራክ መኪኖችን ከጨፈለቀ በኋላ አልቆመም፤ ቀጥታ ወደ ተመልካቹ ገባ። ቢያንስ 8 ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 2014፣ በኔዘርላንድስ ሃክስበርገን በምትባል ከተማ እንዲሁ ሆነ፤ 3 ሰዎች ሞቱ። የኔዘርላንድስ የደህንነት መርማሪ ቦርድ አዘጋጆቹንም ፈቃድ የሰጠውን ማዘጋጃ ቤትም ወቅሷል። ለመዝናናት የወጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ይህን ስናገር ድምፄ ቢለወጥ አትፍረዱብኝ።

ሞተር ጠፋ ማለት መኪና ቆመ ማለት አይደለም። 54 ኩንታል በግፊቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሪሞቱ ብቻውን አይበቃም። በመኪናውና በሕዝቡ መካከል ርቀት ያስፈልጋል፤ የኮንክሪት ግንብ ያስፈልጋል፤ ከፊት ያሉት ወንበሮች ባዶ መሆን አለባቸው። ገመድ ብቻ ወጥሮ ሕዝቡን ዳር የሚያቆም አዘጋጅ ካያችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። የትም አገር ይሁን፤ ትኬቱ ይቅር፣ ውጡ።

ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። ቻናሉን ያልተከተላችሁም የደወሉን ምልክት ብትጫኑ ደስ ይለኛል።

ወደ ስሙ ልመለስ። ወደ 1998።

[ምስል፦ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን]

እስከዚያ ድረስ ነገሩ አድጎ አድጎ ነበር። በ1988 የነጥብ ሻምፒዮና ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ያሸነፈው ዩኤስኤ 1 የሚባል መኪና ነበር፣ የነዳውም ሮድ ሊትዛው። በ1992 ሞንስተር ጃም የሚባለው ከከተማ ከተማ የሚዞር ውድድር መጣ። መጀመሪያ ጭፍለቃ፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን እሽቅድድም፣ ቀጥሎ ደግሞ ነጂው በተሰጠው ደቂቃ የፈለገውን የሚያሳይበት ነፃ ትርኢት። በ1998 ግን ሁለቱ ታላላቅ ስሞች በሁለት መንገድ ሄዱ። ቻንድለር በቪዲዮና በፎቶግራፍ መብት ላይ ከሞንስተር ጃም ጋር አልተስማማም፤ ቢግፉትን ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንደርሰን ግሬቭ ዲገርን ለአዘጋጁ ኩባንያ ሸጠ፤ መሪውን ይዞ ቀጠለ፣ ስሙ ግን የኩባንያው ሆነ። አንዱ ፈረሱን ይዞ ከሜዳው ወጣ፤ ሌላው በሜዳው ቀረ፣ ፈረሱን ግን ሰጠ።

በአንደርሰን አልፈርድም። መኪና መስበር ውድ ነው፤ በየሳምንቱ የሚሰበረውን አክስል ማን ይክፈለው? ኩባንያ ሲይዘው ግሬቭ ዲገር በአንድ ቅዳሜ በተለያዩ ከተሞች መታየት ቻለ፤ ብዙ መኪና፣ አንድ ስም። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ወገኖቻችን ልጆቻችሁን ይዛችሁ በከተማው አዳራሽ የምታዩት ግሬቭ ዲገር ሌላ ከተማ ከሚታየው ጋር ስሙ እንጂ ብረቱ አንድ አይደለም። በ2008 ሞንስተር ጃምን ፌልድ ኢንተርቴይንመንት የሚባል የመዝናኛ ኩባንያ ገዛው፤ ዓለም አቀፍ ጉዞው ሰፋ፣ ሪያድ ድረስ ደረሰ።

ከሁሉ የሚነካኝ ግን በ2017 የሆነው ነው። ዴኒስ አንደርሰን ታምፓ ውስጥ ክፉኛ ተጎዳና ከነጂነት ወጣ። በዚያው ዓመት ልጁ ክሪስተን አንደርሰን መሪውን ያዘች፤ ግሬቭ ዲገርን በመንዳት የመጀመሪያዋ ሴት። ማዱሳ የምትባለው ነጂ ከእርሷ በፊት፣ በ2005፣ የእሽቅድድሙን የዓለም ዋንጫ ወስዳ መንገዱን ከፍታ ነበር። ክሪስተን ግን የአባቷን ፈረስ ነው የተቀመጠችበት። ሸጦታል፤ ስሙ በወረቀት የሌላ ነው። ሕዝቡ ግን እርሷን ሲያይ አባቷን ይጠራል። ይህን የትኛው ውል ይጽፈዋል?

እንግዲህ ነገስ? በእኔ እምነት የዚህ ውድድር የወደፊት ዕድል የሚወሰነው በዝላይ ርቀት አይደለም። በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጋራዡ ውስጥ የራሱን ስም አውጥቶ የሚመጣ ባለመኪና ቦታ ያገኛል ወይ የሚለው ነው። ስሞቹ ሁሉ ከአንድ ቢሮ የሚወጡ ከሆነ አሻንጉሊቱ ይሸጣል፣ አባ ታጠቅ ግን አይወለድም።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። በ2012 የቻንድለር ቡድን ቢግፉት 20ን አሳየ፤ በ36 ባትሪ የሚሠራ፣ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሞንስተር ትራክ። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ አገራችን በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ አግዳ የለም? ብዙ ሰው ያለ ጩኸት ምን ደስታ አለው ይላል። እኔ እንዲህ አላስብም። የሜታኖል ሞተር በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ሲጮኽ ሕፃናት ጆሮ መከላከያ አድርገው ነው የሚቀመጡት። ፈረስ ሲጋልብ የምንሰማው ኮቴውን ነው፤ ኮቴ በቂ ነበር። 54 ኩንታል ከአየር ወርዶ መሬት ሲመታ የሚሰማው ድምፅም በቂ ነው።

እኔ ማየት የምፈልገው አንድ ውድድር አለ። ድምፅ የሌለው ቢግፉት በአንድ መስመር፣ ክሪስተን የያዘችው ግሬቭ ዲገር በሌላው፣ ከኋላቸው ደግሞ ስሙን ገና ማንም ያልሰማው፣ ከአንድ ገጠር ጋራዥ የወጣ ሦስተኛ መኪና ተራውን ሲጠብቅ። ያ ቀን ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነሥቼ ቪዲዮውን እሠራለሁ። እስከዚያው እናንተ ለሦስተኛው መኪና ስም አውጡለትና ከሥር ጻፉልኝ።