እናት ከራውንድ አትውጣ

ክቡራን እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ለዓለም የነርሶች ቀን አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ቤተሰብን ማዕከል ያደረገ የሕፃናት ነርሲንግ» ይላል። ርዕሱ ሰፊ ነው። እኔ ግን የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። ራውንድ፣ ማለትም ሐኪሞች አልጋ በአልጋ እየዞሩ ሕሙማንን የሚያዩበት ሰዓት፣ በደረሰ ቁጥር እናቶችን ከዋርድ (ከሕሙማን መኝታ ክፍል) ስለምናስወጣበት ነገር።

ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጥበቃው በሩ ላይ ይቆምና «አስታማሚ ውጪ! አስታማሚ ውጪ!» ይላል። እናቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ ፔርሙዛቸውን አልጋ ሥር እየገፉ ይወጣሉ። ልጆቹ ለቅሶውን ያቀልጡታል። ከዚያ እኛ በዚያ ጩኸት መሃል የልብ ምት ልናዳምጥ እንሞክራለን።

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። የሆስፒታሉ ስም ይቆየን። በከባድ የምግብ እጥረት የተኛ ልጅ ነበር። ኤፍ 75 የሚባለው የሕክምና ወተት በየሁለት ሰዓቱ በአፍንጫው ቱቦ ይሰጠዋል። ሌሊቱን ማን የሰጠው ይመስላችኋል? ዋርዱ ጢም ብሎ፣ ተረኛዋ ነርስ አንድ ብቻ ሆና? እናቱ ናት! ሲሪንጁን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ወተቱ ቀስ ብሎ እስኪወርድ ትጠብቃለች። ያስተማርናትም እኛው ነን።

ጠዋት ራውንድ ሆነ። እናት ውጪ ተባለች። የልጁ መከታተያ ቻርት ላይ ስለማስመለስ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ ወተቱ ተስማምቶታል ተብሎ መጠኑ ጨምሮ በየሦስት ሰዓቱ ይሁን ተባለ። ልጁ ግን ሌሊት ሁለቴ አስመልሷል። ይህን የምታውቀው እናቱ ብቻ ነበረች። በበሩ መስታወት ትውከት የነካውን ጨርቅ እያሳየች ትጣራለች፤ ጥበቃው «አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» ይላታል። አንዲት ወጣት ሲስተር አይታት በሩን ባትከፍት ኖሮ ትእዛዙ እንደዚያው ይቀጥል ነበር።

እስቲ ንገሩኝ! የሰው ኃይል ሲያጥረን እናት ነርስ ናት። ራውንድ ሲመጣ ጠያቂ ትሆናለች። ሽንት ጨርቅ ስትቀይር፣ ትኩሳት ስታበርድ፣ ማዘዣ ይዛ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትንከራተት ማንም «ውጪ» አላላትም!

እንግሊዝ አገር ድሮ ወላጅ የታመመ ልጁን የሚያየው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የፕላት ኮሚቴ ወላጆች በፈለጉት ሰዓት ይግቡ ብሎ ሪፖርት አቀረበ። እነሱ የታገሉት እናትን ለማስገባት ነው። እኛ ድሮም አልጋው አጠገብ ያለችውን ነው የምናስወጣው!

ቤተሰብን ማዕከል ማድረግ ምን ማለት ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ለእኔ ይኸው ነው። እናት የምታውቀውን ትነግረናለች፤ እኛም የምናውቀውን እንነግራታለን፤ ከዚያ አብረን እንወስናለን። አጠገቡ መቀመጧ ብቻውን እንክብካቤው ውስጥ ገብታለች አያሰኝም።

ቦታ ይጠባል የምትሉ አላችሁ። እያንዳንዷ በራሷ ልጅ ተራ ትቁም። የሌላው ምስጢር ይወጣል ካላችሁ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። ኢንፌክሽን? እሱን ከአልጋ አልጋ የሚያዞረው ያልታጠበ የእኛም እጅ ነው። ደግሞ ያለጊዜው የተወለደን ጨቅላ በካንጋሮ እንክብካቤ ደረቷ ላይ አስረን እናምናት የለ? በዚህ እንክብካቤ ላይ የሕፃናት ሐኪሙ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ እዚሁ አዲስ አበባ የሠሩት ጥናት ከታተመ እንኳ ብዙ ዓመት ሆነው፤ 2005 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለ አባቶችም፣ መሬት ላይ ስለሚያድሩት አስታማሚዎችም የምለው ነበረኝ። ሰዓቴ አለቀ።

አመራሮቹ እዚህ ስላላችሁ ጥያቄዬን በግልጽ ላቅርብ። ከሰኞ ጀምሮ በሕፃናት ዋርድ ራውንዱ እናት ባለችበት ይሁን። ለጥበቃዎቹም በደብዳቤ ይነገራቸው።

አመሰግናለሁ።