እድራችን በሕመም ጊዜም እንዲደርስ
በደብረ ብርሃን ከተማ በእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛና የኮሚቴ አባላት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

አንድ አባላችን ሲያርፍ ጥሩምባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን የማይተውበት ሥርዓታችን የምኮራበት ነው። ዛሬ የምለምናችሁ ይኸው ሥርዓት ሰው ገና በሕይወት ሳለ፣ ሆስፒታል ተኝቶ በሚታከምበት ጊዜም እንዲደርስለት ነው። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ያየሁት ሁሉ ወደዚህ ሐሳብ አድርሶኛል።

በአገራችን ሆስፒታሎች ታካሚን ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ልብሱን መለወጥና ከግቢው የጠፋ መድኃኒት ፍለጋ በየፋርማሲው መዞር በአብዛኛው የሚወድቀው በአስታማሚው ላይ ነው፤ አስታማሚው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው፣ ያውም ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥታ፣ የጣርማ በርን ዳገት አልፋ፣ በነጠላ ብቻ እዚህ የምትደርስ ሴት 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚያደርጋት እናንተው ታውቁታላችሁ። ቀን ስትሮጥ ውላ ሌሊት ከአልጋው ሥር ትጋደማለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪሙ በጠዋት ዙር የነገረውን ይረሳል፤ የሚውጠው ክኒን የትኛው እንደሆነም ይምታታበታል።

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ታካሚ በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ካልተለወጠለት ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው ታች ይቆስላል፤ ይህ ቁስል ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ለመዳን ወራት ሊወስድ ይችላል። አንዲት ሴት አባቷን ብቻዋን ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጥ ማደር አትችልም። ከእድሩ ሰው በተራ እየሄደ ቢያድር ግን እርሷም ትተኛለች፣ አባቷም አይቆስልም። በዚህ ላይ ወንዶች ተራውን ለሴቶች ብቻ እንዳንተው አደራ እላለሁ፤ በወንዶች ክፍል የተኛን አባት ማጠብና ማንሳት የወንድ ጉልበት ይፈልጋል።

ሕመምተኛ መጠየቅ ግዴታችን መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በርከት ብለን አልጋውን ስንከብ ታካሚው እኛን ሲያስተናግድ ይደክማል። ይዘን የምንሄደውም ነገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሙዝና ብርቱካን፣ ልቡ ለደከመ ሰው ጨው የበዛበት ሾርባ፣ ስኳር ላለበት ሰው ለስላሳ መጠጥ ሊጎዳው ስለሚችል ከመግዛታችን በፊት አስታማሚውን መጠየቅ ይገባናል። ለቀዶ ሕክምና እንዲጾም የታዘዘ ሰው «ትንሽ ብቻ» ተብሎ ሊጎርስ አይገባም፤ በደንብ ያልነቃን ሰው በጀርባው እንደተኛ ማጉረስም ምግቡን ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል። የግሉኮሱን ጠብታ ማፍጠንም ሆነ ኦክስጅኑን መነካካት የባለሙያው ሥራ ነው።

ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ በሚገኙበት አገር ስለ ጸበል ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። እምነቱና ሕክምናው አብረው ይሄዳሉ። የኩላሊት ወይም የልብ ታካሚ በቀን የሚጠጣው ፈሳሽ ሊመጠንለት ስለሚችል ግን የሚጠጣውን ጸበል መጠን ሐኪሙ ይወቀው፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። አባቶቼ፣ ይህን ከእናንተ አፍ ቢሰሙት ከእኔ ይልቅ ይቀበሉታል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ድብቁ ነገር ነው። ሐኪሙ በሽታው የማይድን መሆኑን ለቤተሰቡ ይነግራል፣ ቤተሰቡም ከታካሚው ይሸሽጋል። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ታካሚው የልጆቹን ፊት እያየ ነገሩን ይረዳዋል፤ ከዚያ በኋላ እርሱም ለእነርሱ ሲል ዝም ይላል፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ሁሉም ለየብቻቸው ያለቅሳሉ። የንስሐ አባቱን ሊያገኝ፣ ያለበትን ዕዳ ሊናገር፣ ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ ሊናዘዝ የሚችልበት ጊዜም ያልፍበታል። «አባዬ፣ ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከቤተሰቡ ይመረጥ። አልፈልግም ካለም ምርጫው ይከበርለት። በሽታው ባይድን እንኳ ስቃዩ ሊቀንስ ይችላልና በሐኪም የታዘዘን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሱስ ይሆናል ብለን አንከልክል።

ስለ ገንዘብ የምለው አጭር ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድህን ሪፈሩ ደረጃውን ከጠበቀ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ታካሚው 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ሲላክ ግን የአስታማሚውን መጓጓዣ፣ ምግብና ማደሪያ አይሸፍንም። ለዚህ የሚሆን የብድር ገንዘብ ከእድሩ ካዝና እንዲመደብ እጠይቃለሁ። ዕድሜያችን ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደታችንም ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነ ጤነኞች ደግሞ በየ3 ወሩ ደም መለገስ እንችላለን፤ ፈቃደኞች ቀድመው ቢመዘገቡ ቤተሰብ በጭንቅ ሰዓት ደም ሰጪ ፍለጋ አይንከራተትም።

ሐሳቡን ለጉባኤው ውይይት አቀርባለሁ። የእድሩ ዳኛ ከፈቀዱ ለተራ አዳር የፈቀደ ሁሉ ዛሬ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ፤ እኔን ሰኞ ሌሊት ላይ ጻፉኝ።