ያቺ የቶኪዮ ልጅ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ያቺ ልጅ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላኝ ነው።

ቶኪዮ ውስጥ ቹዎ የሚባለው የባቡር መስመር ላይ ነኝ፣ ከሺንጁኩ ጣቢያ ወደ ምዕራብ የሚሄደው፣ ከሰዓት በኋላ። አንዲት ልጅ ገባች። ቢበዛ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰማያዊ ኮፍያ፣ ከጀርባዋ የሚሰፋ ደረቅ የቆዳ ቦርሳ፣ ራንዶሴሩ የሚሉት። ብቻዋን! እናት የለ፣ ሞግዚት የለ። ተቀመጠችና እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እኔ ልቤ ተሰቀለ። የማን ልጅ ናት እያልኩ ዙሪያዬን አያለሁ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ ጭጭ። እኛ ጋ ቢሆን ይሄኔ አንዷ እናት «ሚሚዬ፣ ከማን ጋር ነሽ?» ብላ እቅፏ ውስጥ አስገብታታለች።

ሚታካ ጣቢያ ስንደርስ አጠገቧ የተቀመጠው ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ቦርሳዋን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ነቃች፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው፣ ሮጣ ወረደች። እሱ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በቃ። መውረጃዋን በምን አወቀ? ሁልጊዜ አብረው ይሳፈራሉ? ቀና ብሎ እንኳ ሲያያት አላየሁትም እኮ! ለካ ሳያዩ የሚጠብቁበት መንገድ አላቸው ብዬ... በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እንዲያውም አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በብዙ ሰፈር ከድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይለቀቃል። የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ይፈትሹበታል፣ ልጆቹም ሰምተው ወደ ቤት ይገባሉ። ሰፈር ሙሉ ልጅ ሲጠራ አስቡት!

ግን የልጅቷ ቦርሳ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ማንቂያ ነው፣ ገመዱ ሲሳብ ይጮኻል። ሌላ ቀን ጠዋት ደግሞ እዚያው መስመር ላይ ሮዝ ምልክት አየሁ፤ የሴቶች ብቻ ፉርጎ፣ ለሥራ መግቢያ ሰዓት። በግፊያው መሃል ሴቶችን የሚነካኩ ወንዶች ስላሉ ነው። ኬዮ የሚባለው መስመር እንደ ፈረንጆቹ በ2001 በመደበኛነት ጀምሮታል፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እዚያ የሚሸጡ አብዛኞቹ ስልኮች እንኳ ፎቶ ሲያነሱ ድምፃቸው አይጠፋም፣ ሰው ሴቶችን በድብቅ እንዳያነሳ።

ልጅቷ ተኝታ የምትሄድበት ባቡር፣ አድጋ ሥራ ስትገባ ለብቻዋ ፉርጎ ያስፈልጋታል። ይሄን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ማውራት ስጀምር ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ተናደድኩ። ያ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው፣ እሱን አልጠራጠርም። ግን ጠዋት ጠዋት የሚሳፈሩትም እነዚያው... አይ፣ ሁሉም ማለቴ አይደለም።

እዚያ ልጅ ያሳደጋችሁ እህቶች ካላችሁ ድምፃችሁን ላኩልኝ። ብቻዋን ትልኳት ነበር? እስከ ስንት ዓመቷ? ማለቴ፣ ከዚያ በኋላስ...