ወይዘሮዋ ዛሬም ተንበርክካለች

ሰላም ሰላም። ድምፄ ቢያስተጋባ አትፍረዱብኝ፤ የምቀዳው እዚያው ውስጥ ነው። አዎ፣ ወይዘሮዋ ውስጥ፣ ሞተርሆሜ ውስጥ። ባለቤቴ «ቤት ግዛ ስልህ ጎማ ያለው ቤት ገዛህ» ያለችበት ቤት። ቀልዱን ደጋገምኩት አይደል? እሷም እየደጋገመችው ነው፣ ምን ላድርግ።

የት ጠፋህ ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ደህና ነኝ። አባባ መጥተው ነበር። መጥተው ሄዱ። ከሄዱ ወዲህ ልቅዳ ብዬ ቁጭ እላለሁ፣ ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ፣ ከዚያ አጠፋዋለሁ። ዛሬ ስለ አየር ነው የማወራው። ስለሚተነፍስ አየር። እስቲ የት እንደሚያደርሰን እንየው።

ያው ታውቃላችሁ፣ ማታ ሞተር ሳጠፋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ጠዋት የኋላ ቀኟ ወርዷል። ባለቤቴ መጋረጃውን ትገልጥና «ወይዘሮዋ ዛሬም ተንበርክካለች» ትላለች። ረከቦቱ ላይ ሲኒው ይንሸራተታል። ባሌስትራ፣ ያ የብረት ሞላው፣ የላትማ! የተቀመጠችው ኤር ባግ ላይ ነው፣ በአየር የተነፋ የጎማ ከረጢት ላይ። እነዚህ ዲዝል ፑሸር የምንላቸው፣ ሞተራቸው ከኋላ የሆነ ትልልቅ ሞተርሆሞች የአውቶቡስ ዘር ናቸው። የአሜሪካው የአውቶቡስ ድርጅት ግሬይሀውንድ በ1954 ያወጣው ሲኒክሩዘር የሚባለው አውቶቡስም በአየር ነበር የሚሄደው። ኮምፕረሰር አለ፣ ታንክ አለ፣ የጎማ ከረጢት አለ። መሃል ላይ ሃይት ቫልቭ አለ። ከቫልቩ የወጣች ቀጭን ዘንግ አክስሉ ጋር ታስራለች። መኪናው ዝቅ ሲል ዘንጓ ቫልቩን ትገፋውና አየር ይገባል። ከፍ ሲል አየር ይወጣል። ይህቺን ዘንግ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ግማሾቻችሁ ትራክ ነጂ ስለሆናችሁ «የአየር ግፊት ጌጁን አላየህም ወይ» ትሉኛላችሁ። አየሁት። ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን፣ ስንፈተን ላብ ያስወጣንን ነገር ሁሉ አደረግኩ። ሞተር ጠፍቶ፣ ፍሬን ተፈትቶ፣ ተሳቢ የሌለው መኪና የአየር ግፊቱ በደቂቃ ከ2 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ፔዳል ተረግጦ ደግሞ ከ3። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። መቼስ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚወጣ አየር በአንድ ደቂቃ አይታይም። አወራረዷ ግን አንድ ነገር ይናገራል። አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ፣ ችግሩ ያለው ከዚያ ጥግ ቫልቭ እስከ ኤር ባጉ ባለው ውስጥ ነው። ወይ ቫልቩ፣ ወይ ቱቦው፣ ወይ መጋጠሚያው፣ ወይ ከረጢቱ ራሱ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ልጁ ከሥር ሳያይ «ኤር ባጎቹን በሙሉ እንቀይር» አለኝ። ጎንበስ ሳትል? ኧረ ተው! ላዩ ላይ የፀሐይ ስንጥቅ አለ፣ አልክድም። ስንጥቅ ሁሉ ግን ቀዳዳ አይደለም። ውስጡ ያለው ክር ሲታይ ያኔ ሳትነጋገር ትቀይራለህ። ዋጋውን ስሰማ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

እና አባባ መጡ።

አባባን ታውቋቸዋላችሁ። «ያለ ረዳት የሚነዳ ሰው ሹፌር አይባልም» ያሉት ሰውዬ። ዕድሜያቸውን የፊያቱ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬ ላይ ነው የጨረሱት። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ። በ1990 ዓ.ም ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። ከዚያ ጅቡቲ ሆነ፣ ከዚያ ጡረታ። ዴንቨር ካረፉ በኋላ በሰባው ሀይዌይ ይዣቸው ወጣሁ። አይዘንሀወር ቶኔል ልናስገባቸው ነው፣ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ይደነቃሉ ብዬ። ገባን፣ ወጣን። ዝም። ባለቤቴ «እንዴት ነው አባባ?» አለቻቸው። «ጣርማ በር መብራት አልነበረውም» አሉ። የደሴ መንገዱን ዋሻ ማለታቸው ነው። በቃ ይኸው ነው አስተያየታቸው! አሁን ሳስበው አስቂኝ ነው። ያን ቀን ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። ብርድ ነው። አባባ ጋቢ ለብሰው ወጡ። ጫማቸው ተወልውሏል። ካምፕ ውስጥ፣ ጠጠር ላይ፣ የተወለወለ ጫማ። የምሠራውን አሳየኋቸው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጬ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌያለሁ። መጋጠሚያ ላይ ትረጫለህ፣ አረፋ ከሠራ አገኘኸው። አባባ ሳቁ። «ይሄማ የጎሚስታ ሳፋ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ካላማዳሪ ሳፋ ውስጥ ተነክሮ አረፋ እንደሚፈለግበት ጎማ ነው ነገሩ። ሳፋው ብቻ የለም።

እኔ ጃክ ስታንዶቹን፣ መደገፊያ ብረቶቹን፣ ላመጣ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሄድኩ። ይሄን ልብ በሉ፣ የምትሰሙኝ ማንኛችሁም። በአየር ላይ ብቻ የቆመ ሞተርሆም ሥር አይገባም። በሃይድሮሊክ ሌቭሊንግ ጃኩም ላይ ቢሆን አይገባም። ሻንሲው ሥር ብረት ይደረጋል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። መመሪያው ይለዋል፣ እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ እለዋለሁ። አባባ ግን የሚያውቁት ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ያለው መኪና ቆመ ማለት ቆመ ነው። ኤንትሬ ሥር ተኝተው ምሳ የበሉ ሰው ናቸው።

ስመለስ ጋቢው መሬት ላይ ታጥፏል። ሁለት ጫማ ከሥር ወጥቷል።

«አባባ፣ ይውጡ።» ዝም። የግራ ጆሯቸውን ኤንትሬ ወስዶታል፣ የሞተሩን ጩኸት ታውቁታላችሁ። «አባባ፣ ኧረ ይውጡ!» አሁንም ዝም። እግራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ነገር ላይ እየተንጠራሩ ነው። ከዚያ ያቺን ዘንግ... ሆን ብለው ይሁን ክንዳቸው ነክቷት፣ አላውቅም። ትስስስ የሚል ድምፅ መጣ። የቫልቩ መውጫ ነው፣ አወቅኩት። ወይዘሮዋ መውረድ ጀመረች። ፈጥና አይደለም። ቀስ ብላ።

ብረቱን ጣልኩት። ሁለቱንም ቁርጭምጭሚታቸውን ያዝኩና ጎተትኩ። ቀልድ አይደለም፣ ባለኝ ኃይል ነው የጎተትኩት። ሸሚዛቸው ወደ ላይ ተሰበሰበ። ጀርባቸው ጠጠሩን ይዞ መጣ። አንድ ጫማ እጄ ላይ ቀረ። አባባን ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ልጅ ሆኜም። እዚያ ጠጠር ላይ በጀርባቸው ተኝተው ወደ ላይ ያዩኛል። እኔ ጫማቸውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አገኘሁት እኮ» አሉ።

ይህን ብቻ። እጃቸው እርጥብ ነበር። መዳፋቸውን በምራቃቸው አርሰው እየዳሰሱ ነው ለካ። ቀዝቃዛ ትንፋሽ ፍለጋ። እኔ በጆሮዬና በሳሙና ያጣሁትን እሳቸው በመዳፍ። ጫማቸውን ተቀብለው አጠለቁ። ጋቢያቸውን አራገፉና ወደ ውስጥ ገቡ። ቡና ሲፈላ ይሰማኛል።

ብረቱን ከሥር አድርጌ ገባሁ። እሳቸው ያሉበት ቦታ ላይ ነበር። ናይለን ቱቦው ወደ መጋጠሚያው የሚገባበት። አንድ ሰው ድሮ በፒንሳ ሰያፍ ቆርጦታል። እነዚህ ገፍተህ የምታስገባቸው መጋጠሚያዎች ቱቦው ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ውስጥ ያለው ጎማ አይጨብጠውም። አየሩን አስወጣሁ። በቱቦ መቁረጫ ጫፉን ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ፣ እስኪደርስ ገፋሁት፣ መልሼ ሳብ አድርጌ አየሁ። ያዘ። ወጪው? የመቁረጫው ዋጋ። ልጁ ኤር ባጎቹን በሙሉ ብሎኝ ነበር እኮ!

ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? አልሆነም።

በኋላ ወርጄ ለካሁ። አየሩ ሲያልቅ የወረደችው ከአራት ጣት አይበልጥም። ከዚያ በታች አትወርድም፣ ማቆሚያው ላይ ታርፋለች። ቀጭን ሰው ናቸው። ይበቃቸው ነበር ይሆን? ደረታቸው የት ጋ እንደነበር አላስታውስም። ከአክስሉ ሥር ወይስ ከጎኑ? ከጎኑ ከሆነ ምንም አይሆኑም ነበር፣ እኔ ደግሞ አባቴን እግራቸውን ይዤ... ከሥሩ ከሆነ ግን... አንዳንድ ሌሊት አንዱ ነው፣ አንዳንድ ሌሊት ሌላው። ጓደኛዬ፣ ያ የቨርጂኒያው፣ «አድነሃቸዋል፣ ጨርሰው» ይለኛል። እሱ ሁሉን ነገር ጨርሰው ነው የሚለው። ፍቺውንም እንደዚያ ነው ያለው። ይቅር፣ የሱን ጉዳይ አላወራም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ማታ እራት ላይ አባባ ለባለቤቴ «ባልሽ ጉልበት አለው» አሏት። ምስጋና ነው? እሷ ሳቀች፣ ምን እንደሆነ አታውቅም። እኔም ሳቅሁ። ጀርባቸውን ቅባት ልቀባ ብል «ምን ሆንኩና» አሉ።

አሁን አዲስ አበባ ናቸው። ለወንድሜ ሳይነግሩት አይቀሩም መሰለኝ። እንዴት አድርገው እንደነገሩት ልጠይቀው ብዬ ባለፈው ደወልኩ። ስለ ጎማ ዋጋ አወራን። ብዙ አወራን ስለ ጎማ ዋጋ። ከዚያ «አባባ እንዴት ናቸው?» አልኩት። «ደህና ናቸው፣ ምነው?» አለኝ። ምነው ሲለኝ... ነግረውታል ማለት ነው ወይስ... 

ለማንኛውም የኋላ ቀኙ አልወረደም። አሁን ደግሞ የፊት ግራው ጀምሯል። ትንሽ ነው፣ ምናልባት ብርዱ ይሆናል፣ አየር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ወይ ቫልቩ ነው። ቅዳሜ አየዋለሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ ደግሞ አንድ ሰው ቢኖር... የቨርጂኒያው ሩቅ ነው። እንጃ። ቅዳሜ ካልሆነ በሚቀጥለው...