መደቡ አስቀድሞ ይነገር

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የከተማና የወረዳ ኃላፊዎች፣ ከደብረ ሲና፣ ከአርማንያና ከሸዋ ሮቢት የተሰባሰባችሁ ነዋሪዎችና ወጣቶች፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ዛሬ የተሰባሰብነው ሦስቱ ጎረቤት ከተሞቻችን የእሳት አደጋ መኪናን፣ ቆሻሻ ማንሣትን፣ ስፖርትንና መጻሕፍትን እንዴት በጋራ እንደሚይዙ ለመምከር ነው። ዕድሜዬን በስፖርት መምህርነት ያሳለፍሁ ነኝና ነገሬን ከሜዳ ልጀምር። አንድ የኅዳር ጠዋት፣ የጣርማ በር ጉም ከተማው ላይ ወርዶ ሳለ፣ ከቆላ የመጡ ልጆች ከእኛ ልጆች ጋር ኳስ ሊጫወቱ በጭነት መኪና ተጭነው ደረሱ። ስስ ካናቴራ ብቻ ለብሰው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይንቀጠቀጡ ነበር። የእኛዎቹ ወደየቤታቸው ሮጠው ሹራብና ነጠላ አምጥተው አለበሷቸው። ጨዋታው ግን ሳይካሄድ ቀረ፤ ሜዳው ለስብሰባ ተፈቅዶ ነበር፣ ኳስና መረብ የተቆለፈበትን ቤት ቁልፍ የያዘው ሰውም መስክ ወጥቶ ነበር። ልጆቹ ዳቦ በሻይ ቀምሰው ተመለሱ። ፍቅሩ ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ ማን ምን ኃላፊነት እንዳለበት የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ግን አልነበረም።

ሀብትን መጋራት ለሸዋ ሰው የሚነገር አዲስ ትምህርት አይደለም። አንዱ ዕድር ሐዘን ሲደራረብበት ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ከጎረቤት ዕድር ይዋሳል፤ የጎደለ ሳህን ቢኖር በመዝገብ ተጽፎ ይተካል። ለፋሲካ ቅርጫ ስንገባም በሬው ከመታረዱ በፊት ስንት መደብ እንደሚወጣ፣ ቆዳው ለማን እንደሚሆን፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል ተነጋግረን ነው። ከዚህ ራቅ ብሎ በመንዝ ያለውን ጓሳ እናስብ፤ የአስቦና የጌራ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያን ሰፊ ሣር በጋራ ሕግ ሲጠብቁ፣ ለዓመታት ዘግተው ሲደርስ ብቻ በተወሰነ ቀን እየከፈቱ ሲያጭዱ ኖረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቆየውን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቁሞት፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያው አሉ። እነዚህ ሰዎች ጎረቤትነታቸውን በደንብ አስረውታል፤ ያቆየውም ደንቡ ነው።

ስለ እሳት አደጋ መኪና ብዙዎቻችሁ አንሥታችኋል። እሳት ተነሣም አልተነሣም ሾፌሩና ሠራተኞቹ ቀንና ሌሊት በተራ መጠበቅ አለባቸው፤ ጎማው ቆሞም ያረጃል፤ ፓምፑ በየጊዜው ካልተሞከረ በጭንቁ ቀን ይከዳል። ይህ ወጪ ከተማው አነሰ ተብሎ አይቀንስም፣ የሚሸከመው ግብር ከፋይ ግን ያንሳል። ደብረ ብርሃን ከደብረ ሲና ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በመካከሉም የጣርማ በር ዋሻና ጉሙ አሉ። ከዚህ እስከ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በመካከል አርማንያ ላይ ቢቆም ለሁለቱም ይቀርባል የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ለሚነድ ቤት ግማሽ ሰዓትም ብዙ ስለሆነ በየከተማው የሠለጠኑ ወጣቶችና የተዘጋጀ ውኃ ካልኖሩ መኪናው ብቻውን አያድነንም። የቆሻሻውም ነገር እንዲሁ የጋራ ነው፤ ደጋው የጣለውን ፌስታል የክረምት ጎርፍ ለቆላው ወንድሙ ያወርድለታልና።

አንዳንዶች ከተማችን በሌላው ትዋጣለች ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱን አልንቀውም። ፈረንሳይ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ማዘጋጃ ቤቶች ያሏት አገር ናት፤ እጅግ ብዙዎቹ የአንድ ትንሽ መንደር ሕዝብ ብቻ አላቸው። በ1890 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ጎረቤታሞቹ በማኅበር ተያይዘው አገልግሎት በጋራ እንዲሰጡ ፈቀደላቸው፤ እስከ ዛሬ ውኃ እያከፋፈሉ፣ ቆሻሻ እያነሡ፣ እያንዳንዱ በገዛ ስሙና በገዛ ከንቲባው ይኖራል።

በእኔ እምነት መጀመር ያለብን ከልጆቻችን ጨዋታና ከመጻሕፍቱ ነው። ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ ብንሳሳትም እናርመዋለን፤ ወላጅ ልጁን ተከትሎ ሜዳ ሲመጣ ደግሞ ከጎረቤት ከተማ ወላጅ ጋር አብሮ ይቀመጣል። አካባቢያችን በቅርብ ዓመታት በብዙ ተፈትኗልና ይህን መቀመጥ እንደ ትንሽ ነገር አልቆጥረውም። አየሩም ያግዘናል፤ ግንቦት ላይ ቆላው ሲግል ውድድሩ እዚህ ደጋ ላይ ይሁን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ሲጠና ወደ ሸዋ ሮቢት እንውረድ። መጻሕፍቱም በሣጥን ሆነው በየሦስት ወሩ ከአንዱ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ወደ ሌላው ይዙሩ፤ አንዱ ጋ አቧራ የለበሰው መጽሐፍ ሌላው ጋ የሚፈለግ ሊሆን ይችላል።

ስምምነቱ ግን ይጻፍ። መጓጓዣውን ማን ይከፍላል፣ የተቀደደውን መረብ ማን ይተካል፣ ጸብ ቢነሣ የማን ሽማግሌ ይዳኛል፣ አንዱ ከተማ መውጣት ቢፈልግ ስንት ወር አስቀድሞ ያሳውቃል የሚሉት ሁሉ በግልጽ ይስፈሩ። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ነገሩ ከዜሮ እንዳይጀመር ሦስቱም ምክር ቤቶች ያጽድቁት።

ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት ከየከተማው ሁለት ሁለት ሰው መርጠን ረቂቁን እንዲጽፉ እንድንሰጣቸው እለምናለሁ። የዕቃ ቤቱም ቁልፍ በሦስት ይቀረጽ፤ አንዱ ለደብረ ሲና፣ አንዱ ለአርማንያ፣ አንዱ ለሸዋ ሮቢት።

አመሰግናለሁ።